እናቴ ሕመሟን እያወቀች እንደማታውቅ ትሆናለች፤ ልንገራት ወይስ አብሬያት ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በኢንዶስኮፒ የጨጓራ ካንሰር ተገኘባት፤ ወደ ጉበቷም መሰራጨቱ ተነገረን። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ‹ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች› ስላለ ሁላችንም የጨጓራ ቁስለት ነው አልናት። እሷም ለጠያቂ ሁሉ ‹ጨጓራዬ ነው፣ ይሻለኛል› ትላለች። ነገር ግን መግነዣዋን የት እንዳስቀመጠች ለጎረቤታችን አሳይታታለች። የንስሐ አባቷን አስጠርታ ለብቻቸው ተነጋግረዋል። የእድር ውዝፏንም ከፍላለች። እኔ ስገባ ወሬ ትለውጥና ‹ለመስቀል አገር ቤት እንወርዳለን፣ ክትፎውን የምሠራው እኔ ነኝ› ትለኛለች። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ሻሿን አስተካክላ፣ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ስልኩ እንደተዘጋ ትወድቃለች። ሐኪሙ ሞርፊን ቢያዝላት ‹ለጨጓራ ይሄ ምን ይሠራል?› ብላ አልወስድም አለች፤ ሌሊት ግን ስታቃስት እሰማታለሁ። ወንድሜ አሁን ቤቱን ሸጠን ባንኮክ እንውሰዳት ይላል። እያወቀች ነው? ካወቀች ለምን ትዋሸኛለች? እውነቱን ልንገራት ወይስ እኔም እንደ እሷ ልሁን?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልሱን ሳላዘገይ ልንገርሽ። እናትሽ ታውቃለች። መግነዣዋን ለጎረቤት ያሳየች፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ለብቻ የተነጋገረች፣ የእድር ውዝፏን የከፈለች ሴት ሕመሜ የጨጓራ ቁስለት ነው ብላ አታምንም። ስለዚህ «ልንገራት ወይስ ልተወው» የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አብቅቶለታል፤ የምትነግሪያት አዲስ ወሬ የለሽም። የቀረው ጥያቄ፣ የምታውቀውን ነገር ብቻዋን ተሸክማው ትሂድ ወይስ አንቺ ታግዣት የሚለው ነው። ሳትጠይቅሽ ሄደሽ አትንገሪያት፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በውሸቱ ላይ አንዲት ቃል አትጨምሪበት። የካንሰር ሕሙማንን ሥቃይ በማስታገስ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝና ይህን የምልሽ ከብዙ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው።

«ካወቀች ለምን ትዋሸኛለች?» ላልሽው፣ እየዋሸችሽ ነው ብዬ አላምንም። ነገሩ የገዛ ሞቱ ሲሆን ሰው በአንድ ጊዜ ያውቀዋልም፣ አያውቀውምም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኤቨሪ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ1972 ስለዚህ ሲጽፍ፣ በማወቅና ባለማወቅ መካከል ያለ አንድ ሁኔታ እንዳለ አስረድቷል። ሕመምተኛው ጠዋት ስለ ኑዛዜው ያወራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዓመት እቅድ ያወጣል፤ ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚለው። ይህ የሚብሰው ሕመሙ መልኩን በሚለውጥበት ወቅት ነው፤ ማለትም እናትሽ አሁን ባለችበት ጊዜ።

ዝርዝሩን ለውጬ አንድ ሰው ላንሣልሽ። ከአርሲ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ የጉሮሮ (የምግብ መውረጃ ቧንቧ) ካንሰር በዚያ አካባቢ በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። ውኃ እንኳ መዋጥ በተቸገሩበት ሰሞን በዙር ላይ ስደርስ «ዶክተር፣ ለመጪው ዓመት የሚሆን ምርጥ ዘር ገብስ አስቀምጫለሁ፤ እስከ ሰኔ እደርሳለሁ አይደል?» ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ልጃቸውን አልጋቸው ላይ አስቀምጠው የትኛው በሬ ለማን እንደሚሆን፣ ያልተመለሰው ብድር የማን እንደሆነ ሲነግሩት ሰምቻለሁ። የተናገሩት ረጋ ብለው፣ ምንም ሳያስቀሩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ስለ ገብሱ ጠየቁኝ። የገብሱን ወሬ ባቋርጥባቸው ኖሮ ምን እጠቅማቸው ነበር? በሬውን አካፍለዋል፤ ብድሩን አስታውቀዋል። ገብሱ የሚያርፉበት ጥላ ነበር።

ዋይስማን ሌላም ያየው ነገር አለ፤ ያንቺን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ሕመምተኛ ለሁሉም ሰው እኩል አይክድም። አጥብቆ የሚክደው ማጣቱን ለሚፈራው ሰው ነው። እናትሽን ተመልከቻት፦ ለጎረቤት ተናገረች፤ ለንስሐ አባቷ ተናገረች፤ ለአንቺና ለወንድምሽ ግን መስቀልን አነሣች። ሻሿን አስተካክላ፣ ትራስ ተደግፋ የምትቀመጠው ራሷን ለማታለል ይመስልሻል? ልጇ ባሕር ማዶ ሆኖ እንዳያለቅስ ነው። ያ ውሸት ከሕመሟ ሁሉ ከባድ ሥራ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ የምትወድቀውም ስለደከማት ነው። እናም አንቺ «ትዋሸኛለች» የምትይውን እኔ «ትጠብቀኛለች» ብለሽ እንድታነቢው እለምንሻለሁ። ጥያቄው ያኔ ይለወጣል፤ እሷ አንቺን መጠበቅ እንድታቆም ምን ትፈልጋለች?

በቤታችሁ ያለው ነገር ከተጠና ቆይቷል። ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት የኅብረተሰብ ጥናት ምሁራን በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሆስፒታሎች ውስጥ ሟቾችን፣ ነርሶችንና ቤተሰቦችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1965 ያዩትን ጻፉ። ሕመምተኛውም ቤተሰቡም ያውቃሉ፤ እያንዳንዱም ሌላው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ሁሉም ግን እንደማያውቁ ሆነው ይኖራሉ። ሕግ ያለው ነገር ነው። አደገኛ ወሬ አይነሣም። አንዱ ስቶ ካነሣው ሌላው እንዳልሰማ ይሆናል። እንባ ከመጣ ጉንፋን ይባላል፤ ቡና ይፈላል። አንድ ሰው ሕጉን ከጣሰ የሚያፍረው እሱ ነው። ይህንን ሳነብ ሳን ፍራንሲስኮ ትዝ አላለችኝም፤ ብዙ የአዲስ አበባ ሳሎኖች ናቸው የታዩኝ።

እነዚያ ምሁራን ይህን ሁኔታ አላወገዙትም፤ እኔም አላወግዘውም። ለሕመምተኛው ክብር ይሰጣል፣ ፋታ ይሰጣል። ጥያቄው ውሸቱ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ሰው ራሱ መርጦ የተጠለለበት ነገር አለ፤ ሌሎች አምጥተው የጫኑበት ነገርም አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የመስቀሉ ክትፎ የእናትሽ ነው። «የጨጓራ ቁስለት ነው» የሚለው ግን የወንድምሽ ነው፤ እሷ የተቀበለችው እናንተ እንዳትሰበሩ ብላ ነው። የመጀመሪያውን አትንኪው። ሁለተኛውን ቀስ ብለሽ ከላይዋ ታነሺላታለሽ።

ወንድምሽን እንዳትቀየሚው አንድ ነገር ላስታውስ። እውነቱን ከሕመምተኛ መደበቅ የኛ ባህል ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ አንድ ሆስፒታል ለሚሠሩ 219 ሐኪሞች ለካንሰር ሕመምተኛ ትናገራላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ቀርቦ ከመቶ 90 ያህሉ በአብዛኛው አንናገርም ብለው ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ በ1979 ሲቀርብ ከመቶ 97ቱ እንናገራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ የሰው ልብ አልተለወጠም፤ መድኃኒቱ ተሻለ፣ ሕመምተኛ መብቱን መጠየቅ ጀመረ፣ ሕጉም ጠበቀ። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1989 ያረፉት በአንጀት ካንሰር ነበር፤ የበሽታቸው ስም ለራሳቸውም አልተነገራቸውም፤ ለሕዝቡም የቆሽት ብግነት ተብሎ ነበር። ወንድምሽ ዛሬ የሚኖረው ሐኪም ለሕመምተኛው በቀጥታ በሚናገርበት አገር ነው። እሱ ቢታመም ይነገረው ነበር፤ ይህንንም ያውቃል። ለእናቱ የማይፈቅደው ለምን እንደሆነ ጠይቂው። የምትሞተው እሱ ራቅ ብሎ ባለበት ስለሆነ ይመስለኛል፤ ካልተነገራት ያልሆነ ይመስለዋል። ወንድምሽም የሚያጽናናውን ውሸት እያወቀ መርጧል፤ እናትሽ ደግሞ እንዲጽናና እየረዳችው ነው።

እኛ ሐኪሞችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ኤልዛቤት ላሞንት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት 343 ሐኪሞች 468 የመጨረሻ ደረጃ ሕሙማን ምን ያህል እንደሚቆዩ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ለትክክለኛው የቀረበው ግምት ከመቶ 20 ያህል ብቻ ነበር፤ በአማካይ ሲታይ ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን ዕድሜ ከአምስት እጥፍ በላይ አስረዝመውታል። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ ባወቀው ቁጥር ግምቱ እየተሳሳተ መሄዱ ነው። ፍቅር ዓይን ይከድናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 1,193 የሳንባና የአንጀት ካንሰር የተሰራጨባቸውንና ኬሞቴራፒ የጀመሩ ሰዎችን ጠየቀ። ከሳንባ ሕሙማኑ ከመቶ 69ኙ፣ ከአንጀት ሕሙማኑ ከመቶ 81ዱ ሕክምናው ሊፈውሳቸው እንደማይችል አልተረዱም። ከሐኪሜ ጋር በደንብ እንግባባለን ያሉት ደግሞ ይበልጥ የተሳሳቱት ነበሩ። ሁሉን በቀጥታ በሚናገር አገር እንኳ ሰው ሰምቶ የሚያስቀምጠው የሚችለውን ያህል ነው፤ ደግ ሐኪምም በዚያ ይተባበረዋል።

እንግዲህ የሚያጽናና ውሸት በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩሽ አይደለም። እኔ የምመዝነው ስንት ያስከፍላል በሚለው ነው። እናንተ ቤት ሦስት ነገር እያስከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ዛሬ ሌሊት የሚከፈል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

እናትሽ ሞርፊኑን እምቢ ያለችው መድኃኒቱን ስላልወደደችው ነው ብዬ አላስብም። ለጨጓራ ቁስለት ሞርፊን እንደማይታዘዝ ታውቃለች። ብትውጠው «ጨጓራዬ ነው» ያለችው ሁሉ ይፈርሳል፤ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ ወንድምሽ ይሰማል። ስለዚህ ሕመሙን መረጠች። ይህን አስቢው፦ እናንተ እንዳትደነግጡ ሌሊቱን ታቃስታለች። በማንኛውም የሕክምና መዝገብ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ የውሸት ዋጋ አላየሁም። ሞርፊን ደግሞ ሰዎች እንደሚፈሩት የሞት አዋጅ አይደለም። ለከባድ የካንሰር ሕመም በዓለም ሁሉ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ወይም ክኒን ሐኪም በሚወስነው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ ይሰጣል። በትክክል ከተሰጠ ዕድሜ አያሳጥርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው ይለቃል። ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ሊታዘዝላት ይገባል። ይህ ካልታዘዘ ጠይቂ።

ሁለተኛው ቤታችሁ ነው። ወደ ጉበት የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር ባንኮክም ሆነ ሌላ ቦታ አይፈወስም። ኬሞቴራፒ ለአንዳንዱ ሰው ጊዜ ይጨምራል፣ ሕመሙንም ያቀላል፤ ይህ አዲስ አበባም ይሰጣል፤ መሞከሩን የሚወስነው ደግሞ እሷ ናት። ቤት ሸጦ፣ ደካማ ሴትን በአውሮፕላን ለረጅም ሰዓት ተሸክሞ ሄዶ፣ በሰው አገር ሆቴል ውስጥ በማያውቋት መካከል ማቆየት ግን «ሁሉንም አድርገናል» ለማለት የሚከፈል ገንዘብ ነው። ገንዘቡም፣ ቤቱም፣ የቀረው ጊዜም የእናትሽ ነው። እሷ ሳትጠየቅ ቤቷ መሸጥ የለበትም። እንድትጠየቅ ደግሞ የምትወስነው ስለ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት፤ ሰው ለጨጓራ ቁስለት ባንኮክ አይሄድም።

ሦስተኛው የመለያየት ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ታውቂዋለሽ። ለጎረቤት የሰጠችው ነገር ላንቺ መሆን ነበረበት።

«ብንነግራት በድንጋጤ ትሞታለች» የሚለውን ፍርሃት ንቄ አልናገርም፤ ከብዙ ቤተሰቦች የምሰማው ነው። ግን የሚያስደነግጥ ነገር ድንገት የሚመጣ ነው፤ እናትሽ ደግሞ መግነዣዋን አዘጋጅታ የቆየች ሴት ናት። ዕድሜ ያሳጥራል ለሚሉት፣ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 151 ሰዎች እኩሌታው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎችን እንዲያገኙ ተደረገ። እነዚህ ባለሙያዎች ሕመም ያስታግሳሉ፤ ስለ በሽታው አካሄድና ስለ ሰውየው ምኞትም በግልጽ ያወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲወጣ፣ ይህን ያገኙት የድብርት ምልክታቸው ያነሰ፣ ኑሯቸው የተሻለ ነበር፤ የቆዩትም 11.6 ወር ነው፤ የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። ጥናቱ የተመዘነው እውነት በመናገር ብቻ አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻውና ክብካቤው ሁሉ አለበት። ቢያንስ ግን በግልጽ የተነጋገሩት ቶሎ አልሞቱም፤ ተስፋም አልቆረጡም።

አሁን ወደ ሥራው። ባህላችን መርዶ የሚነግርበት መንገድ አለው፤ ብዙዎች የድብብቆሽ ባህል አድርገው ሲያወሩት እኔ የምወደው የንግግር ጥበብ ነው። ሰው ለብቻው ሆኖ መርዶ አይነገረውም። መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ በስልክ አይነገረውም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሰዓቱ ይጠበቃል፤ የሚደግፈው እጅ በአጠገቡ ይቆማል። ለሞተ ሰው ወሬ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ በሕይወት ላለች እናት ደግሞ ይህንኑ ጥንቃቄ ልንሰጣት እንችላለን።

ሕመሙ ቀለል ያለበትን ሰዓት ምረጪ፤ እንግዳ የማይመጣበት፣ ስልክሽ የጠፋበት። ቀጥ ብለሽ ከፊቷ አትቀመጪ፤ እግሯን እያሸሽ ወይም ፀጉሯን እየሠራሽ ቢሆን ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚወራ ነገር ብዙ ነው። ከዚያ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ፈቃዷ ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ የምሰማው እኔ ነኝ። አንቺም መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ እኔው ልያዘው?» ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ አትሙዪው።

«አንቺው ያዢው» ካለችሽ መልስ ሰጥታሻለች። የሚያዝ ነገር እንዳለ ተናግራለች፤ መሸከሙን ግን አልፈለገችም። መብቷ ነው። ያኔ ስለ በሽታው ስም አታንሺ፤ ስለ ሕመሙ ብቻ፦ «እሺ እማዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ። ሌሊት ግን ሲያምሽ እሰማለሁ፤ እያቃሰትሽ እኔም አልተኛም። መድኃኒቱን ስሙን ሳንጠይቅ ለሥቃዩ ብለሽ ውሰጂልኝ።» ሞርፊኑ ለሕመም ነው የታዘዘው፤ ይህ ውሸት የለበትም። ብዙ እናቶች ለራሳቸው ያልወሰዱትን ለልጃቸው እንቅልፍ ብለው ሲወስዱ አይቻለሁ።

«ክፉው በሽታ ነው አይደል?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ «አዎ እማዬ» በያት። አዙረሽ አታምጪው፤ «ሐኪሞች ምን ያውቃሉ» አትበዪ። አፍ አውጥታ እስክትጠይቅ ስንት ሌሊት እንደፈጀባት አስቢ፤ ያን ጥያቄ በውሸት ከመለስሽ ሁለተኛ አትጠይቅሽም። «አዎ» ካልሽ በኋላ «እኔ አለሁ፤ የትም አልሄድም» በይና እጇን ያዢ። ብታለቅስ አልቅሺ። «ስንት ጊዜ አለኝ?» ካለች ቁጥር አትስጪ፤ ሐኪሟ ጋር አብራችሁ ጠይቁ። እሱም ቀን አይቆርጥላችሁም፤ ነገሩ በወራት ይሁን በሳምንታት የሚታሰብ ግን ሊነግራችሁ ይችላል።

ስለ መስቀል ስታወራስ? እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይቸገራሉ፤ «አዎ እንሄዳለን» ማለት ውሸት፣ «አንደርስም» ማለት ጭካኔ ይሆንባቸዋል። በሁለቱ መካከል እውነተኛ ቃል አለ፦ «እኔም እመኛለሁ እማዬ።» ትመኛለሽና እውነት ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀጥዪበት፦ «ቅቤውን እንዴት ነው የምታነጥሪው? ሚጥሚጣው ላይ ምን ምን ይገባል? እኔ እኮ እስከ ዛሬ አልያዝኩትም» በያት። ኮረሪማውን እየዘረዘረች፣ ቅቤው ስንት ጊዜ መገፈፍ እንዳለበት እየነገረች፣ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» እያለች ታስተምርሻለች። ሁለታችሁም ለምን እንደምትማሪ ታውቃላችሁ፤ ማንም መናገር የለበትም። ስልክሽ ላይ ድምጿን ቅጂው። የመስቀሉ ወሬ እንግዲህ ይህን ያህል ሥራ መሥራት ይችላል፤ ስለዚህ ነው አትንኪው ያልኩሽ።

ጠበልና ጸሎትን በተመለከተ ወንድምሽም ሆነ ሌላ ሰው ከእውነቱ ጋር ሊያጋጭብሽ አይገባም። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ሐሰት የለበትም፤ የምትጠመቅ ከሆነ ትጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጥ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ንስሐ አባቷ ቀድመው ያነጋገሯት መሆኑ ትልቅ እርዳታ ነው። የንስሐውን ምስጢር አትጠይቂያቸው፤ «አባቴ፣ እማዬ ከእኔ ጋር እንድታወራ ያበርቱልኝ» ማለት ግን ትችያለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እናትሽ እስከ መጨረሻው «ጨጓራዬ ነው» እያለች ልታርፍ ትችላለች። ሥቃይዋ ታግሶ፣ ቤቷ በእጇ ሆኖ፣ ሚጥሚጣውን አስተምራሽ፣ ቃሉን ግን ሳታወጣው ብትሄድ አላቃታትም፤ አንቺም አላቃተሽም። እኔ በዚህ ሥራ የማዝነው ሕመምተኛው ሊናገር ሞክሮ አፉ በተያዘ ጊዜ ነው፦ «ልጆቼ፣ እኔ እንግዲህ…» ሲል «ኧረ እማዬ፣ እንደሱ አትበዪ!» የሚባልበት ጊዜ። ያን ቃል ከቤታችሁ አስወጪው። «እንደሱ አትበዪ» የሚል ጠያቂ ሲመጣም በትሕትና ወሬውን ወደ እሷ መልሺ፦ «ይበሉ፣ እማዬ የጀመረችውን ትጨርስ።»

ወንድምሽን ብቻሽን አትጋፈጪው። ሐኪሟ በስልክ እንዲያነጋግረው ጠይቂ፤ ባንኮክ ምን ሊሰጣት እንደማይችል ከሐኪም አፍ ይስማ። አንቺ ደግሞ የቤቱን ክርክር ትተሽ አንድ ነገር ብቻ በዪው፦ ለቀብር ሊቆርጠው ያሰበውን ቲኬት አሁን ይቁረጠው። ሻሽ የታሰረለትን ፊት ሳይሆን የተኛችውን እናቱን ይይ፤ አንድ ሌሊት አጠገቧ ይደር። ያን ሌሊት ካደረ በኋላ ስለ ቤት ሽያጭ ያነሣል ብዬ አላስብም።

አንቺም ብትሆኚ ይህን ስትሸከሚ ሆድ ይፍጀው ብለሽ አትቀመጪ፤ ጎረቤታችሁ የሰማችውን ሰምታለችና ከእሷ ጋር ማልቀስ ትችያለሽ። ከሐኪሟ ጋር በሚቀጥለው ቀጠሮ አራት ነገር ጠይቂ፦ የሞርፊኑን መጠንና ሰዓት፣ የድርቀቱን መድኃኒት፣ ማስታወክ ወይም የሆድ ውኃ ከመጣ ሌሊት ለማን እንደሚደወል፣ እንዲሁም ቤት ድረስ የሚመጣ የማስታገሻ ሕክምና እንዴት እንደሚገኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ይህን አገልግሎት ይሰጣል፤ ሐኪሟ የሪፈር ወረቀት ይጻፍልሽ። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ስለ ሞርፊኑ ብቻ ቀድመሽ ሂጂ፤ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም።